የአዳራሹን ቁልፍ ለያዛችሁ

ለአካባቢ አስተዳደሮች፣ ለባህል ቢሮዎች፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ለወጣት ማዕከላት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በእጃችሁ አዳራሽ ስላለ ነው። ወንበሩ አለ፣ መብራቱ አለ። ብዙውን ምሽት ግን ተቆልፎ ያድራል። እኔ ከጎረቤቶች ጋር ቴአትር የምሠራ ሰው ነኝ። ባለሙያ ተዋናይ አላሠለጥንም። አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስም ለስም የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ፣ የገዛ ሕይወታቸውን እንዲያወሩ፣ ያወሩትንም ራሳቸው ተጫውተው እንዲያሳዩት አግዛለሁ።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። በወር አንድ ምሽት አዳራሹን ለሰፈሩ ሰው ክፈቱለት። የምሽቱን መልዕክት ግን እናንተ አትምረጡለት።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ብዙዎቻችሁ ብትጠየቁ እሺ ትላላችሁ። የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቢሮ ቴአትር ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ጭውውት ነው። ለሕዝብ መድረስ ያለበት መልዕክት አለ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ሰላም። ጎበዝ ወጣቶች ይጠራሉ። ጽሑፍ ይሰጣቸዋል፣ ይለማመዳሉ፣ ያቀርባሉ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይጸጸታል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ይህ ጥቅም የለውም አልልም። በሽታ ሲነሳ ሰው ማወቅ ያለበትን በቶሎ ለማድረስ ጭውውት ጥሩ መንገድ ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት ግን አያቀራርብም። መድረኩ ላይ ያለው መጥፎ ጎረቤት የማንንም ጎረቤት አይመስልማ። ተመልካቹም «ይሄ እኔ ነኝ» አይልም። አጨብጭቦ ይወጣል፣ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ያው የተዘጋ በር ፊቱ ቆሟል።

ሰው ለሰው ልቡን የሚከፍተው ምክር ሲሰማ አይደለም። ያላወቀውን ነገር ከባለቤቱ አፍ ሲሰማ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። በአሜሪካ ደቡብ፣ የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት እ.ኤ.አ. በ1963 ፍሪ ሳውዘርን ቲያትር የሚባል ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ኦኒል በኋላ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው አሠራር አለ። ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ተራ በተራ ታሪክ ይናገራሉ። እኛም የታሪክ ክብ እንለዋለን። ከትዕይንት በኋላ የሚደረግ ውይይት በቀላሉ ክርክር ይሆናል፤ በክርክር ደግሞ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ያሸንፋል። ታሪክ ላይ ግን ማንም ማንንም አያሸንፍም። የእኔ ታሪክ ያንተን አያፈርሰውም።

ወንበሮቹ ክብ ይሆናሉ። መሃል ላይ ጠረጴዛ አይኖርም፤ ጠረጴዛ ካለ ሰው ስብሰባ የመጣ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ደቂቃ ይሰጣል፤ እኛ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እንሰጣለን። ኃላፊም ሆነ ተማሪ ከዚያ በላይ አይጨመርለትም። ተራው የደረሰ ሰው መናገር ካልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሁሉም ተናግሮ እስኪያበቃ አስተያየት የለም፣ ጥያቄ የለም፣ «እኔም እንደዚሁ ገጥሞኝ» ብሎ መግባትም የለም። ማስታወሻ መያዝም አንፈቅድም። ሥራው መስማት ብቻ ነው። ለብዙዎቻችን ከመናገር ይልቅ ይሄ ይከብዳል።

ምሽቱን የሚያነሳው ወይም የሚገድለው የመክፈቻው ጥያቄ ነው። «መቻቻል ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ዲስኩር ትሰማላችሁ። «እዚህ ሰፈር ያደራችሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት ንገሩን» ብትሉ ግን አንዱ አምፖል ስላልነበረው በሻማ ማደሩን ያወራል። ሌላዋ የጎረቤት ሬዲዮ እየሰማች መተኛቷን ትናገራለች። «አሮጌ ሆኖ ሳለ ለመጣል እጃችሁ እምቢ ያለው ዕቃ ምንድን ነው?» የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀን፣ ክፍል፣ ዕቃ፣ ድምፅ ጠይቁ። ሐሳቡ ከእነሱ ጋር ራሱ ይመጣል።

አንድ ምሽት «ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ድምፅ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። አንድ ወጣት የእናቱን ሁኔታ ተናገረ። እናቱ የትንፋሽ ሕመም አለባቸው። ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል፤ ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ሌሊት ሲብስባቸው ልጁ ተነስቶ እናቱን ከነወንበራቸው ወደ መስኮቱ ይስባቸዋል። ሲሻላቸው መልሶ ይስባቸዋል። ክቡ ውስጥ ከእሱ ሥር ያለው ቤት ነዋሪ የሆኑ ሰው ተቀምጠው ነበር። ሌሊት ሌሊት ጣሪያቸው ላይ የሚጎተተውን ወንበር ለወራት ሲሰሙ ኖረዋል። በዱላ ጣሪያውን መትተዋል። ደረጃ ላይ ልጁን ሲያገኙት ፊታቸውን አዙረዋል። የዚያን ምሽት ተራቸው ሲደርስ «ይለፈኝ» አሉ። ሁሉም ከተነሳ በኋላ ግን ልጁን በር ላይ ጠብቀው አንድ ነገር ጠየቁት፤ «እናትህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብስባቸው?»

ይህን ማንም በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሊያመጣው አይችልም። ቢሮው የዚያን ምሽት «የድምፅ ብክለትን እንከላከል» የሚል ርዕስ ሰጥቶን ቢሆን ኖሮ ልጁ አፉን አይከፍትም ነበር።

ታሪኩ ከተነገረ በኋላ ለምን መጫወት እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁኝ አሉ። መነጋገሩ አይበቃም ወይ ይላሉ። አንዳንዴ ይበቃል። ሲጫወቱት ግን ሌላ ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ጆናታን ፎክስ እና ጆ ሳላስ ፕሌይባክ ቲያትር የሚባለውን የቴአትር ዓይነት ጀመሩ። ከተመልካቹ መሃል አንድ ሰው ወጥቶ የሕይወቱን አንድ አጋጣሚ ይናገራል። የምሽቱ መሪ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠይቀዋል። ባለታሪኩ ከተዋንያኑ መካከል እሱን ሆኖ የሚጫወተውን ይመርጣል። ከዚያ ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ እዚያው ይጫወቱለታል። ካበቃ በኋላ መሪው ወደ ባለታሪኩ ዞሮ ያየውን እንዴት እንዳገኘው ይጠይቀዋል። የመጨረሻው ቃል የተዋናይ አይደለም፣ የባለታሪኩ ነው። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

እኛ ጊዜ ስናገኝ በልምምድ ነው የምንሠራው። ልምምድ ላይ የሚሆነውን ብታዩት ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለብዙ ዓመታት የሌሊት ጥበቃ የነበሩ አንድ ሽማግሌን ሆና እንድትጫወት ተመረጠች። ጽሑፉን በአንድ ቀን ያዘችው። ሰውነቷን ግን ምን እንደምታደርገው ጠፋባት። በመጨረሻ «አባባ፣ ሲመሽ እጅዎን የት ነበር የሚያደርጉት?» አለቻቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ አሳረፉ። እሷም ተነስታ እንደሳቸው ቆመች። ምክር ቢሰጣት፣ ሽማግሌ አክብሪ ብትባል፣ ይህን ያህል በቅርብ ታያቸው ነበር ብዬ አላምንም። ሰውን ሆኖ ለመጫወት ሰውየውን መመልከት ግድ ነው።

ይህ ለወጣት ማዕከላት ኃላፊዎች በተለይ ነው፤ ወጣቱ እርስ በርሱ ብቻ እንዲጫወት አታድርጉት። ከትልልቆቹ ጋር አቀላቅሉት።

ይህ ነገር ዕድሜ እንዳለውም ልብ በሉልኝ። በጣሊያን ቶስካና ውስጥ ሞንቲኪዬሎ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየበጋው አደባባዩ ላይ ቴአትር ያቀርባሉ። ክረምቱን ተሰብስበው ዘንድሮ ስለ ራሳችን ምን እንበል እያሉ ይወያያሉ። ገበሬው ከመሬቱ መነሳቱን፣ ወጣቱ መንደሩን ጥሎ መሄዱን፣ የቀረው ሰው ግራ መጋባቱን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ይጫወቱታል። አውቶድራማ ይሉታል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አን ጄሊኮ የተባለች ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1978 ላይም ሬጂስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪዎቹን አሰባስባ ስለ ገዛ ከተማቸው ትልቅ ተውኔት ሠራች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ከተሞችም የእሷን መንገድ ተከትለዋል። የሁለቱም ቦታ ሥራ የተሳካው የአካባቢው ሰው ጽሑፉ ውስጥ ራሱን ስላገኘ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ስጋት ልምጣ። ሰዉ ይህን ሁሉ ሲናገር ስለ ቢሮው ቢናገርስ? ይናገራል። መንገዱ አለመሠራቱን፣ ለአንድ ማኅተም ሦስት ጊዜ መመላለሱን ያነሳል። ይህን እንደ ጥቃት አትዩት። ለእናንተ የመጣ መረጃ ነው።

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ ሲሠራ ተመልካቹ ለአንድ ችግር መፍትሔ ይጠቁማል፣ ተዋንያኑ የተባሉትን ያሳያሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የጠቆመችውን ተዋንያኑ ቢሞክሩት፣ ቢሞክሩት አልረካችም። ቦአል ራሷ ወጥታ እንድታሳይ ጋበዛት። ወጣች። ፎረም ቲያትር የሚባለው አሠራር ከዚያ ተወለደ። መፍትሔ ያልተገኘለት አጭር ታሪክ ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ያስቆማል፣ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የተበደለውን ሰው ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ካልሠራለት ሌላው ይሞክራል።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 የሪዮ ዴ ጄኔይሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ቴአትሩን አልተወውም። በየሰፈሩ ቡድኖች እየተጫወቱ ከተመልካቹ የወጡት ሐሳቦች ተሰብስበው ረቂቅ ሕግ ሆኑ። በዚያ የሥራ ዘመኑ 13 ሕጎች ጸደቁ። አንዱ በከተማዋ ሆስፒታሎች ለአረጋውያን ስለሚሰጥ ሕክምና ነበር። ቢሮ ጀርባውን ሳይሰጥ ሲቀመጥ የሚገኘው ይህ ነው። ስለዚህ ኑ። ግን የፊት ወንበር ላይ አትቀመጡ፣ የመክፈቻ ንግግርም አታድርጉ። ከሰዉ መሃል ተቀመጡ። ተራችሁ ሲደርስ እናንተም እዚህ ሰፈር ያደራችሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት ንገሩን።

በተቃራኒው የሆነውንም ማንሳት አለብኝ። ኬንያ ውስጥ ካሚሪቱ በምትባል መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ከደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ጋር ሆነው ቴአትር ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። በራሳቸው ቋንቋ፣ በጊኩዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ተውኔት አቀረቡ። ልምምዱ ሜዳ ላይ ነበር፤ ያለፈ ያገደመው ቆሞ ያርማቸው ነበር። መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትዕይንቱን አገደ። በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊ ያለ ፍርድ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ቴአትር ቤቱ ፈረሰ። ይህን የማነሳው እናንተን ከማንም ጋር ለማመሳሰል አይደለም። የሕዝብን ታሪክ የሚፈራ ቢሮ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። አንድ መንደር ለራሱ የሠራውን መድረክ የሚመልስ በጀት የለም።

ድጋፋችሁ ለምን እንደሚያስፈልገን በጥናትም የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ከተለያዩ የማኅበረሰብ ቡድኖች የመጡ ሰዎች ሲገናኙ ጥላቻቸው የሚቀንስባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሮ ነበር። በግንኙነቱ ውስጥ እኩል መሆን አለባቸው። አንድ ግብ ያስፈልጋቸዋል። ግቡ ላይ የሚደርሱት ተጋግዘው እንጂ ተወዳድረው መሆን የለበትም። አራተኛው የሥልጣን አካል ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶማስ ፔቲግሩ እና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የታሪክ ክቡ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰጣል። ተውኔቱ ደግሞ ቀን የተቆረጠለት የጋራ ሥራ ነው፤ አንዱ ቃሉን ከረሳ ሌላው ይይዝለታል። አራተኛውን ግን እኛ ልንሠራው አንችልም። እሱ በእናንተ እጅ ነው።

አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ሁኑልን። የሰው ታሪክ የባለቤቱ ነው። ፎቶ አንሺና ካሜራ ይዛችሁ አትምጡ። ማንም የተናገረው ነገር ያለ ፈቃዱ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሪፖርት ላይም፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይም። ትናንት እሺ ያለ ሰው ዛሬ ሐሳቡን ቢቀይር ታሪኩ ከተውኔቱ ይወጣል። የሚያለቅስ ሰው ምስል ለማስታወቂያ ያምራል ብሎ የሚያስብ አስተባባሪ ካለ ሥራው አይመጥነውም። ከባድ ነገር ያለፈበትን ሰው ደግሞ እንዲናገር አንጎተጉተውም። ክቡ ሕክምና አይደለም። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ካጋጠመን ወዴት እንደምንልከው አስቀድመን ማወቅ አለብን፤ የጤና ቢሮዎች እዚህ ላይ ብታግዙን ትልቅ ነገር ነው።

መቅዳት ከተፈለገ በሥርዓት ይሁን። ስቶሪኮርፕስ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ትንሽ የቀረጻ ክፍል ከፍቶ ጀመረ። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ገብተው ለ40 ደቂቃ ይነጋገራሉ። ቅጂው ለእነሱ ይሰጣል፤ ከፈቀዱ ደግሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ መድረክ ባይኖራችሁም እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ክፍል አይጠፋችሁም። ሌላም አለ። ሂዩማን ላይብረሪ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረ ነው። አንባቢው በመጽሐፍ ፈንታ ሰው ይዋሳል። ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ሰውየውም ስለ ሕይወቱ ይመልስለታል። ለዚህ ሁለት ወንበር ይበቃል።

ማን እንዳልመጣ ሁልጊዜ እዩ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች በምሽት አይመጡም፤ አንዳንዱ ወር ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች የሚመጡት ልጆቹ የሚጫወቱበት ጥግ ካለ ነው። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለው በዊልቸር የሚሄድ ጎረቤት ሳይቆጠር ቀርቷል ማለት ነው። ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይናገር፤ የሚያስተረጉም ጎረቤት አይጠፋም። እንደውም አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያስተረጉምለት ማየት ራሱ አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው።

ሪፖርት እንደሚጠበቅባችሁ አውቃለሁ። የተገኘው ሰው ቁጥር ብቻ ከተጠየቃችሁ ግን ሥራው ወደ ትልልቅ ዝግጅት ይገፋል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ድምፅ ማጉያ ይከራያል፣ ክቡም ይፈርሳል። በክብ ለመቀመጥ ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ ሲሆን አንዱ የሌላውን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ብዙ ሰው ከመጣ ክቦቹን አብዙ። ሪፖርታችሁ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ የመጣውን ቁጠሩ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁ፤ ቤት የሚጠብቅልህ፣ ቁልፍ የምትሰጠው ስንት ጎረቤት አለህ? መጀመሪያ ሲመጡም ይህንኑ ጠይቃችሁ መዝግቡት። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ገንዘብ ብዙ አልጠይቅም። አስተባባሪዎቹ ግን ክፍያ ይገባቸዋል። ክብ መምራት ሙያ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ዓመት አይዘለቅም። ከአንድ ትልቅ ፌስቲቫል ይልቅ አሥራ ሁለት ትንንሽ ምሽቶች ይሻሉናል። ሰው እምነት የሚጥለው ባለፈው ወር የተከፈተው በር በዚህም ወር መከፈቱን ሲያይ ነው።

ስለዚህ የአዳራሻችሁን የወር ፕሮግራም አውጥታችሁ እዩት። ባዶ የሆነውን ምሽት ምረጡና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሰፈሩ ያዙለት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉ ከማን እንደሚገኝ ጽፋችሁ መግቢያው በር ላይ ለጥፉ። «ንግግር የለም፣ ሁሉም ሰው መምጣት ይችላል» ብላችሁ ጨምሩበት። ማስታወቂያውን ባየን ሳምንት ወንበሮቹን ለመደርደር እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈር ቴአትር አስተባባሪ